በሃያ ሰከንድ የረጋ እግር

መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሰርክአዲስ ታጠቅ፣

ደህና ነሽ ብዬ ልጀምር። ደህና ባትሆኚም መልስሽ እስኪደርሰኝ ወር ስለሚያልፍ፣ ደህና ነሽ ብዬ መቀመጡ ይሻለኛል። ስልክ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል። ቢኖርም አልደውልም ነበር። በስልክ የተነገረ ነገር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ደግሞም በሃምሳ ሰባት ዓመቴ የሕፃናት ወንበር ላይ ተጣጥፌ ፊደል የቆጠርኩት ኋላ በአፌ ላወራ አይደለም።

የጠየቅሽኝን መርገጫ ልኬልሻለሁ። ከሰው ሠራሽ እግሬ ሥር ብሎኑን የፈታልኝ ብስክሌት ጠጋኙ ነው። በጆንያ ጠቅልዬ ለባሕር ዳሩ ሾፌር ሰጠሁት።

«ምንድን ነው እናቴ?» አለኝ።

«እግሬ ነው።»

«እሱ ከሄደ እርስዎ ለምን ይቀራሉ?» አለ። ሾፌር ሁሉ ቀልደኛ ነው።

ማምረቻችሁ ባለፈው ሐምሌ ለቆላው ሰው ካደላቸው ስልሳ መርገጫዎች ዘጠኙ መሰበራቸውን ጽፈሻል። የእኔ አልተሰበረም። አራት ወር ሙሉ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ቆሜ ሰሊጥ አበጥሬበታለሁ። አሁን በምርኩዝ ነኝ። በምርኩዝ ሰሊጥ አይበጠርም፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ምትኩ እንዳይዘገይ አደራ።

«እሳት ወይም ሙቅ ውሃ ነክቶታል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሲታደለን አብሮ የመጣውን ወረቀት ጮክ ብዬ ለሰው ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ከእሳትና ከሙቅ ውሃ ይራቅ፤ ይህን ለጣሰ ምትክ አይሰጥም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ለባየልኝ ነበር፤ አልሰማሁም ብሎ። ባየልኝ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ፣ እባብ ነድፎት እግሩ የተቆረጠ የቀን ሠራተኛ ነው። ያን ዕለት ከእኔ ቀጥሎ የተሰጠው እሱ ነው።

አባትሽ እንዴት ነው አልልም። አንድ ነገር ቢሆን ትጽፊልኝ ነበር።

አክስትሽ ዙፋን


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዙፋን፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መልሴ የዘገየው መንገዱ ተዘግቶ ስለነበረ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መርገጫው በሰላም ደርሷል።

በሾፌሩ አፍ «የእኛ ጥፋት ካልሆነ የማን ነው?» ብለው ልከውብኛል። እኔ የማስበውን ልጻፍልዎት። መርገጫው ናይሎን ነው፤ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ጭረት አለበት። ለግድግዳ ጭቃ ጭድ እንደሚገባበት ያስቡት። ናይሎኑ ቀልጦ ወደ ብረት ሻጋታ ሲገባ፣ በዓይን የማይታዩ ረጃጅም ክሮቹ እርስ በርስ የተወሳሰቡ ናቸው። ሻጋታው ሞቅ እንዳለ ጊዜ ከሰጣቸው፣ ከመስታወቱ ጭረት ላይ እየጀመሩ በረድፍ ይደረደራሉ። ይህን ድርድር ክሪስታል እንለዋለን፤ ጥንካሬው በአብዛኛው ከእሱ ነው። ሻጋታው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን እንደተወሳሰቡ ይደርቃሉ። ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። በኋላ የእናንተ አገር ሙቀት የቀረውን ድርድር ቀስ እያለ ልጨርስ ይላል፤ ያኔ መርገጫው እግር እየተሸከመ ይኮማተራል፣ ከጭረቱ ይላቀቃል፣ ይሰነጠቃል።

ሰኔ ላይ ሻጋታውን የሚያሞቀው መሣሪያ ተበላሸብን። ሥራ አስኪያጁ ትእዛዙ እንዳይዘገይ ብሎ በቧንቧ ውሃ እያቀዘቀዙ እንዲቀጥሉ አደረገ። አንድ ደቂቃ ይቆይ የነበረው መርገጫ በሃያ ሰከንድ ይወጣ ጀመር። እኔ የጥራት ክፍል ነኝና ተቃውሜ ጻፍኩ። «ማስረጃ አምጪ» አለኝ። ማስረጃው የእርስዎ መርገጫ ነው። አዲስ አበባ ላብራቶሪ ልከነዋል። ቆርጠው ስለሚያዩት አይመለስም፤ ምትክ እንዲላክልዎት ጠይቄያለሁ።

ስለዚህ ደግሜ ልጠይቅዎት። ሙቀት ነክቶታል? ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንኳ ቀርቶ ከሆነ ይጻፉልኝ። አልቆጣም።

ልጅዎ ሰርክአዲስ


መተማ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርክአዲስ፣

«አልቆጣም» ብለሽ ጽፈሻል። ስትወለጂ እትብትሽን የቀበርኩ እኔ ነኝ። አሁን ተቆጪዬ አንቺ ሆንሽ?

ስለ ናይሎኑ የጻፍሽው ገብቶኛል። የገባኝ በቅቤ ነው። ወገራ ሳለን እናቴ ያነጠረችውን ቅቤ ብርድ ላይ ካወጣችው ወዲያው ይረጋል፤ ልስልስ ይላል። ምድጃ ዳር ትታው ቀስ ብሎ ሲረጋ ደግሞ ፍሬ ያወጣል፤ በጣትሽ ስትነኪው እንደ አሸዋ ነው። ቅቤው ያው ቅቤ ነው፤ ልዩነቱ አረጋጉ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አላስፈለገኝም። ቢያስፈልገኝም ከሁለት ልጅ አንዱ ይማር ተብሎ አባትሽ ተማረ፤ እኔ ቅቤውን ጠበቅሁ። እዚህ መተማ ቅቤ ጭራሽ አይረጋም። ሰውም እንደዚያው ነው።

ባየልኝ ትናንት ከገለጉ መጥቶ ነበር። ቋራ ወርዶ ማሽላ አጨዳ ላይ ጆንያ ይሰፋል፣ ይሸከማል። ከደጃፌ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ መርገጫውን ደጋግሞ እየረገጠ አሰማኝ። ሲረግጠው እንደ ደረቅ በር ሲጥ ይላል።

«እትየ ዙፋን፣ ያንቱም ይጮህ ነበር?»

«መጀመሪያ ሰሞን።»

«ኋላስ?»

«ኋላ ተወ።»

«ምን ቢያደርጉት ተወ?»

«እኔ እንዳንተ ጆንያ አልሸከምም» አልኩት። «ምትክ ይመጣል እየተባለ ነው፤ እዚሁ ቆይ።»

«እግሩስ ይቆይ ነበር» አለ፣ ሆዱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «ቀጠሮ የማያውቀው ይኸኛው ነው።»

ስቄ ሸኘሁት። ማምሻውን በጭነት መኪና ተመለሰ።

ሙቀት ነክቶታል ወይ ላልሽኝ፣ ፊት የጻፍኩትን አንብቢ። እኔ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ለመጻፍ ወረቀት የለኝም። የገና በዓል መልካም ይሁንልሽ። እኔ ቤት ቆሜ የምሠራው የለም፤ ተቀምጬ አሳልፈዋለሁ።

አክስትሽ ዙፋን


ባሕር ዳር፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዙፋን፣

ባለፈው ስለተጠቀምኩበት ቃል ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልክ አልነበረም።

የላብራቶሪው ውጤት መጥቷል። የእርስዎ መርገጫ ክሪስታሉ ሙሉ ነው። ማሞቂያው ሳይበላሽ ከተሠሩት እንኳ ይበልጣል። አንድ ስንጥቅ አልተገኘበትም። የተሳሳተ ወረቀት የላኩልኝ መስሎኝ ደውዬ ቁጥሩን አረጋገጥኩ። የእርስዎ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ስብሰባ ላይ አነሳው። «ይኸውላችሁ የሰኔው ምድብ፤ ያውም የሰርክአዲስ የገዛ አክስት እግር» አለ። ሰው ሳቀ። የተሰበሩትን አምጥቼ ላሳይ ብል «ምን እንደነካቸው ማን ያውቃል?» አለ። ከመጋዘን አንድ ያልተነካ ወስጄ ላስመርምር ብል የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበሉኝ። አሁን አንድ ወረቀት ሰጥተውኛል። «መርገጫዎቹ የሚሰበሩት ተጠቃሚዎች በአግባቡ ባለመያዛቸው ነው» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም አለ። እስከ የካቲት 30 ካልፈረምኩ ከሥራ እሰናበታለሁ። ከፈረምኩ ነገሩ ተዘግቶ ሃምሳ ሰው በዚያው መርገጫ መሄዱን ይቀጥላል።

መኝታዬ ላይ ሆኜ የማስበው ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ነው። ማሽኑ ሥር ቆሜ ሰከንዱን የቆጠርኩት ግን እኔ ነበርኩ።

የእርስዎ ምትክ ተፈቅዷል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው በደስታ የፈረመው። በዚህ ሳምንት ይላካል። ሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ ሰርክአዲስ


መተማ ዮሐንስ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርክአዲስ፣

መርገጫው ደረሰ። ብስክሌት ጠጋኙ አሰረልኝ። ሰኞ መጋዘን ገባሁ፤ ቦታዬን ይዛ የነበረችው ልጅ ፊቷን አጥቁራ ተነሳችልኝ። ይህም እንደ ፊተኛው ይጮሃል። ጆሮ ይለምደዋል።

ልፈርም ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን ልመልስልሽ። ፈርሚ። እኔ አለማንበቤ ያሳጣኝን አይቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ማንበብሽ ምንም እንዳያሳጣሽ። ሃምሳው ሰው አያውቅሽም። ሥራሽን ብትለቂ አንዱም ደጅሽን አያንኳኳም።

ሙቀቱ ጀምሯል። ሌላ ወሬ የለም።

አክስትሽ ዙፋን


መተማ ዮሐንስ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርክአዲስ፣

ሰላምታውን ዛሬ ትቼዋለሁ። ባየልኝ ወድቋል። ባለፈው ሐሙስ ከገለጉ በመጣ የጭነት መኪና፣ በጆንያ ላይ ተኝቶ አመጡት። አሁን ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ነው። መርገጫው ለሁለት ተከፍሎ ዳሌው ተሰብሯል። ሸክም ነበረበት ወይ ብዬ ያመጡትን ሰዎች ጠየቅኋቸው። አልነበረበትም። ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለሥራ አስኪያጁ አንብቢለት።

እኔ ዙፋን፣ በሐምሌ 2016 የተሰጠኝን መርገጫ ቀቅዬዋለሁ።

ወረቀቱን ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን ነው። መርገጫው ይሸት ነበር፤ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ነገር። ሲረገጥም ይጮሃል። በእኛ አገር አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ ሥራ ላይ አይውልም። እንስራውም፣ ድስቱም፣ ቅሉም ይሟሻል። ሰውነቴ ላይ የማስረውን ሳላሟሽ ልያዘው? ቤቴ ያለው ድስት አልበቃ ስላለኝ የኩብራን ለመንኳት። ኩብራ ጦርነቱ ሲጀመር ከገላባት ማዶ የተሻገረች ሱዳናዊት ጎረቤቴ ናት፤ ባቄላ ቀቅላ ፉል ትሸጣለች። ሐቡባ ትለኛለች፤ በእነሱ አያት ማለት ነው። ልጅ እንኳ አልወለድኩም ብዬ ነግሬያታለሁ፤ አትሰማም።

«ምን ልትቀቅይበት ነው?» ስትለኝ «የላም እግር» አልኳት።

ከጧት ጀምሮ እስከ ቀትር በዝግታ ፈላ። እሳቱን አውጥቼ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዲበርድ ተውኩት። ባቄላዋን ልትዘፈዝፍ ስትመጣ ክዳኑን አነሳች። ጎንበስ ብላ ቆየች።

«ሐቡባ» አለች፣ «የናንተ አገር ላም ብሎን አላት?»

ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት። ድስቷን ሦስት ቀን በአሸዋ ፈተግሁላት። እስካሁን መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ላሚቱ እንዴት ናት?» ትለኛለች። ከዚያ ቀን በኋላ መርገጫው አልሸተተም፤ አልጮኸም።

ሦስቴ ዋሽቻለሁ። አንዴ አንቺን፣ አንዴ ባየልኝን፣ አንዴም ፈርሚ ብዬ። ምክንያቱን ትጠይቂኝ ይሆናል። ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ተማሪ ነሽ አሉኝ፣ ወንበር ለቀቁልኝ። አንብባ ያልገባት ተብዬ ወደ ምርኩዜ እንዳልመለስ ብዬ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አዲሱን መርገጫ ልኬልሻለሁ። ተረከዙ ሥር የተቀረጸውን የምድቡን ቁጥር አንብቤዋለሁ። ከፊተኛው ጋር አንድ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ በደስታ የፈረመልኝ ያንኑ የሰኔውን ነው። ያልተነካ ስትፈልጊ ነበር። ሁለት ሳምንት ተራምጄበታለሁ እንጂ እሳትም ሙቅ ውሃም አላየም። አሁን ቃሌን ብትጠራጠሪ አልከፋም። ቆርጣችሁ እዩት።

ለጣሰ ምትክ አይሰጥም የሚለው እኔንም ይመለከታል። እንዳትከራከሪልኝ።

ዙፋን


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ዙፋን፣

ደብዳቤዎ የካቲት 28 ደረሰኝ። አልፈረምኩም። ለሥራ አስኪያጁ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ስለ ላሚቱ ያለውን ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። አልሳቀም። ከእሱ በላይ ያሉት እንዲያውቁ በጽሑፍ ስላቀረብኩት መርገጫውን ላብራቶሪ ከመላክ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

የላኩት መርገጫ ክሪስታሉ ከሚገባው ግማሽ አይሞላም። ቆዳው ላይ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ውስጡ፣ መስታወቱ ከናይሎኑ የሚላቀቅበት ቦታ ላይ፣ ቀጫጭን ስንጥቆች ጀምረዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ሌላ ወር ቢቆዩበት የሚሆነውን አልጽፍልዎትም።

የሰኔው ምድብ በሙሉ እንዲሰበሰብ ደብዳቤ ወጥቷል። ማሞቂያው እየተጠገነ ነው፤ ምትኩ ግን ከክረምት በፊት አይደርስም። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር አንነጋገርም። እንዳልከራከር አዘውኝ ነበር፤ ተከራክሬያለሁ። ስምዎ ምትክ ከሚሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ የለም።

በሾፌሩ የላኩብኝን ጥያቄ በተመለከተ፣ አይሆንም፤ የሌሎቹን አይቀቅሉ። የእርስዎን ያዳነው ገና አዲስ ሳለ መቀቀሉ ነው። የፈላው ውሃ ሻጋታው ያቋረጠውን ድርድር አስጨረሰው። ናይሎኑ ውሃም ጠጣና ድርቀቱ ለቀቀው። ባያውቁትም በላብራቶሪ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው ያደረጉት። አንዴ ስንጥቅ ከጀመረ ግን መቀቀል አያድነውም። የባየልኝ እስከ ገና ሰሞን ሲጮህ ከቆየ፣ ያኔም ዘግይቶ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለራስዎ እንዲይዙት ነው የጻፍኩልዎት።

አባቴ ደብዳቤዎን እንዳነብለት ጠየቀኝ። ከሰጡኝ ፈቃድ ውጭ ነው ብዬ አላነበብኩለትም።

ልጅዎ ሰርክአዲስ


መተማ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርክአዲስ፣

ላባትሽ አለማንበብሽ ደህና ነው። ከፈለገ ራሱ ይጻፍልኝ፤ መልስ የሚሰጠው ሰው አለው።

መርገጫው ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ሠላሳ አንዱ መጣ፤ የሳንጃና የገለጉ ገና ነው። ሰው በሁለት እግሩ ገብቶ በአንድ እግሩ ወጣ። ማንም አላመሰገነኝም። አንዲት ሴት «የእኔ እኮ ደህና ነበር፤ እግሬን ያስቀማሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእርሷ ገና አልተሰበረም ነበር። መጋዘኑ ለእኔ ተቀምጬ የምሠራው ለቀማ ሰጥቶኛል፤ ጠጠርና ገለባ እለቅማለሁ። ክፍያው ግማሽ ነው። ይበቃል አልልም።

ባየልኝን ትናንት ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ዳሌው ይጠግናል ብለውታል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። አልጋው መስኮት ሥር ነው። ብርቱካን ወሰድኩለት። እሱ ሲልጥ እኔ ነገርኩት። ድስቱን፣ ኩብራን፣ ሁሉንም። ላሚቱ ጋ ስደርስ ሳቀ፤ ዳሌውን አመመውና ተወ። አንቺ የጻፍሽውንም ነገርኩት፤ ስንጥቅ ከጀመረ መቀቀል እንደማያድን፣ በገና ሰሞንም ዘግይቶ እንደነበረ። ለራሴ እንድይዘው የላክሽልኝን ለእሱ ሰጠሁት።

ብርቱካኑን አስቀመጠው።

«የገናውን አይደለም የምልዎት» አለ። «ያኔ በሐምሌ። አንድ ግቢ ነበርን፤ አንድ ቀን ነው የተሰጠን። የእኔንም አብረው ለምን አልቀቀሉልኝም?»

«አፍሬ ነው» አልኩት።

ብርቱካኑን መልሶ አነሳ። ከዚያ ያለውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፣ ያለ ቁጣ ነው ያለው።

«እትየ፣ እኔ ለማን እናገርብዎት ነበር?»

ዙፋን